ጆሮ የሚቆምበት ቤት

አንድ ጊዜ፣ ጅብ አከራይ በነበረበት ዘመን፣ አንዲት አህያ ከቀይ ኮረብታ ሥር ከውርንጭላዋ ጋር በኪራይ ትኖር ነበር። ቤቱ ዋሻ ይባል እንጂ ጉድጓድ ነው። ለመግባት መንበርከክ ያስፈልጋል። ከገቡም በኋላ ቀና ማለት የለም፤ ጣራው ዝቅ ያለ በመሆኑ አህያዋ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ አጥፋ ነበር የምታድረው። ውርንጭላዋ ትርፌ ትባላለች። ከእሷ በፊት የተወለዱት አልበረከቱም፤ የተረፈችው እሷ ናት።

ጉድጓዶቹን የቆፈረው ጅብ አይደለም። ይህን የኮረብታው እንስሳ ሁሉ ያውቃል። የቆፈራቸው አዋልዲጌሳ የሚባለው ጉንዳን በል አውሬ ነው። የአዋልዲጌሳ አመሉ ይታወቃል፤ ይቆፍራል፣ ይተኛል፣ ጉንዳኑ ሲያልቅበት ጥሎ ይሄዳል። ከቀይ ኮረብታም እንዲሁ ጥሎ ሄደ። ከዚያ ጅብ መጣ። በአንዱ ጉድጓድ ተኛ፣ በሌሎቹ ደጃፍ ላይ ሽንቱን ረጨ፣ «የኔ ናቸው» አለ። የተከራከረው አልነበረም። ጅብን ማን ይከራከራል?

ኪራዩ ከየሙያው ነው። ጃርት ሥራሥር ትሰጣለች። ከርከሮ በክራንቻው ምሶ የሚያወጣውን ድንች ይሰጣል። አህያ ገበሬው አውድማ ላይ የተወውን የማሽላ ቃርሚያ ጭና ታመጣለች። ጅብ ማሽላ አይበላም። ሥራሥርም ድንችም አይበላም። ግን ኪራይ ኪራይ ነውና ሁሉንም በዋሻው ጓዳ ይከምራል። የታችኛው ሲሻግት ከላይ ይጨምርበታል።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር፣ ጅብ ከወኪሉ ከቀበሮ ጋር ወደ አህያ ቤት መጣ።

«እንዴት አደርሽ፣ አንቺ አህያ!»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና አደሩ፣ አያ ጅቦ? ደህና አደሩ፣ እመት ቀበሮ?»

«ኪራይ…» ብሎ ጀመረና ጅብ የሚቀጥለው ጠፋበት። ወደ ቀበሮ ዞረ። «ምን ነበር በል ያልሽኝ?»

«ጨምሯል» አለች ቀበሮ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አዎ! ጨምሯል!» አለ ጅብ።

«ምኑ ተጨምሮ ነው ኪራዩ የሚጨምረው፣ አያ ጅቦ?» አለች አህያ። «ጣራው እንደሆነ አምናም ዘንድሮም ያፈሳል። አምና ክረምቱን ሙሉ ሲንጠባጠብብኝ አደርኩ። መጥቼ ብነግርዎት ‹ዝናቡን ጠይቂው› አሉኝ።»

ጅብ ትንሽ አሰበ። «ታዲያ ዝናቡ ምን አለሽ?»

አህያ ሊሳለቅባት መስሏት ቀና ብላ አየችው። አልተሳለቀም። መልሱን እየጠበቀ ነበር።

ቀበሮ መሀል ገባች። «እህቴ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አምና በዚህ ቤት ያደረው አንድ ጀርባ ነው። ዘንድሮ ሁለት ጀርባ አለ። ሁለት ጀርባ ካለ ሁለት ጭነት ይኖራል። ሰኔ እንደገባ ውርንጭላዪቱም ትጫን።»

«ትርፌ? ጀርባዋ መች ጠናና!»

«ጭነት ያጠናዋል።»

አህያ ዞረችና ጀርባዋን አሳየቻት። እሷን የጫኗት ገና ጡት ሳትጥል ነው። አከርካሪዋ ከመሀል ረግቦ ወርዷል፤ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ የሚቋጥር ይመስላል።

«እኔንስ አጠናኝ?» አለች።

ቀበሮ ጀርባዋን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ታዲያ ኖረሽ የለም?» አለች። ተያይዘው ሄዱ።

በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ተከራዮቹ ከሾላው ሥር ተሰበሰቡ። ከርከሮ መጣ፤ ትከሻው ሰፊ፣ አፉ ክፉ ነው። ጃርት መጣች። ኪራይ የማትከፍለው ኤሊም መጣች፤ በዕድሜ ትበልጣቸዋለችና ያለ እሷ ምክር አይቀመጡም። አህያ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ኪራይ የተጨመረው በእሷ ብቻ አልነበረም። የእሷ ግን የልጇ ጀርባ ነው።

«እኔ የማይገባኝ አንድ ነገር ነው» አለ ከርከሮ። «አከራይ ምን ያደርጋል? እስቲ አንድ ጥቅሙን ንገሩኝ። ቆፍሯል? አልቆፈረም። ጣራ ደፍኗል? አልደፈነም። ደጅ ጠብቆ ያውቃል? የምንፈራው እሱን ራሱን ነው!»

«እሱ ባይኖር ሌላ ጅብ ይመጣል» አለች ጃርት። «ይሄኛውን ቢያንስ ለምደነዋል። ሞኝ ነው። ብልጥ ጅብ ቢመጣብንስ?»

«ብልጧን ቀጥሯታል እኮ» አለ ከርከሮ።

ሁሉም ሳቁ። አህያ ብቻ አልሳቀችም።

«ለአያ አንበሶ ብናመለክትስ?» አለች። «ቤት ለሌለው ዋሻ በዕጣ ይሰጣል ይባላል።»

ጃርት እሾኋን አንኮሻኮሸች። «እናቴ ያንን ዕጣ ስትጠብቅ ነው የሞተችው። ተራዋን እኔ ወረስኩ። የኔን ደግሞ ልጄ ይወርሳል። ተራችንን የቀማን የለም፤ ለዚህስ ምስጋና ይገባቸዋል።»

«እማማ ኤሊ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለች አህያ። «ከሁላችን የራስዎ ቤት ያለዎት እርስዎ ነዎት።»

ኤሊ አንገቷን ቀስ ብላ አወጣች። «ቤቴ የሚበቃው ለኔ ብቻ ነው፣ ልጄ። እንቁላሌን እንኳ ውጭ ቀብሬ ነው የምሄደው። የራስ ቤት ጥሩ ነው፤ ግን ጎረቤት የለሽም፣ እንግዳ ይግባ አትይም። የኔን አትመኙ። የሚሆናችሁን ሥሩ።»

ከርከሮ ብድግ አለ። «አልኩ እኮ! ከጅረቱ ማዶ ያለውን ገደል አይታችኋል? አፈሩ ለስላሳ ነው። ባለቤትም የለውም። አዋልዲጌሳ ብቻውን ከቆፈረ እኛ ተባብረን እንዴት ያቅተናል? በደቦ! ዛሬ ያንቺን፣ ነገ የኔን፣ ከዚያ የጃርትን።»

ከዚያ አህያ ጠየቀች። «ጆሮዬ የሚቆምበት ይሆናል?»

«አቁሚው እስቲ።»

አህያ ጆሮዎቿን ቀጥ አድርጋ አቆመች። ከርከሮ ዞር ዞር ብሎ አያት፣ ከግንባሯ እስከ ጆሮዋ ጫፍ በዓይኑ ለካ።

«ከዚህም በላይ ይሆናል» አለ።

በማግስቱ መቆፈር ጀመሩ። ከርከሮ በክራንቻው ይምሳል፣ ጃርት ትጭራለች፣ አህያ አፈሩን በጀርባዋ ወደ ጅረቱ ትወስዳለች፣ ኤሊ ወለሉ ላይ እየተመላለሰች ትደለድላለች። ትርፌ ሥራ አልተሰጣትም። እናቷ «አንቺ ተይ፣ ሩጪ» ብላታለች። እሷም ስትሮጥ ዋለች።

ሥራው ግን እንዳሰቡት አልሄደም። ሲቆፍር የዋለ አይለቅምም፣ ያልለቀመ አይበላም። በዚያ ላይ ገና የሚያድሩት በጅብ ጉድጓድ ነው፤ ስለዚህ ኪራዩ አልቀረላቸውም። የተገኘችው ጥቂት ሥራሥር ለኪራይ ትሄዳለች። ሦስቱም ጉድጓድ በጅምር ላይ እያለ ጉልበታቸው አለቀ። ደመናው በየቀኑ ይወርዳል። አንድ ቀን ጠዋት ከርከሮ አንድ ጊዜ ማሰና ቁጭ አለ።

«ደከምክ?» አለችው አህያ።

«አልደከምኩም። እግሬ ነው የደከመ።»

በዚያ አገር ደቦ ሕግ አለው። ደቦ የጠራ ይደግሳል፤ የመጣ በልቶ ይሠራል፤ የተሠራውም ነገር የደገሰው ነው። አጨዳ ቢሆን እህሉ፣ ግንባታ ቢሆን ቤቱ። ይህንን የማያውቅ የለም። የቀይ ኮረብታ ተከራዮች ደቦ ግን ጠሪ አልነበረውም፤ ሁሉም ጠሪ፣ ሁሉም ተጠሪ ነው። ስለዚህ ደጋሽ አልነበረውም።

ቀበሮ ይህን ቆማ ስታይ ሰንብታለች። ያን ጠዋት ጅረቱን ተሻግራ መጣች።

«በርቱ፣ ወገኖቼ!»

«ምን ፈለግሽ?» አለ ከርከሮ ሳይነሣ።

«ኧረ ተው፣ ጋሼ ከርከሮ፣ ሰላምታ ይቅደም። አያ ጅቦ ልኮኝ ነው። ‹ሊለቁኝ ነው አሉ› አለኝ። ቅር ብሎታል፣ አልዋሽም። ግን ጎረቤት ነው። ‹በባዶ ሆዳቸው አይሂዱ፣ መሸኛ ልደግስላቸው› ብሏል።»

«ጅብ? መሸኛ?» ከርከሮ እንዲያ ደክሞትም ሳቁ መጣ። «ጅብ የሚሸኘው ወደ ሆዱ ነው!»

«በሉ እንግዲህ፣ እውነቱን እንነጋገር» አለች ቀበሮ። «ማሽላ ይበላል? አይበላም። ሥራሥር ይበላል? አይበላም። ጓዳው ሞልቶ እየሻገተበት ነው፤ ሽታው እንቅልፍ ነሥቶታል። ብትበሉለት ጓዳው ይጸዳለታል፣ እናንተም ትጠግባላችሁ። ማን ይጎዳል?»

አህያ ሽታውን ታውቀዋለች። ጭነት ባራገፈች ቁጥር አፍንጫዋን ይዛ ነው የምትወጣው። ቀበሮ ስለ ሽታው እውነት ተናግራለች። አንዱ እውነት ሲሆን ሌላውም እውነት መሰላት።

«ማን ያመጣዋል?» አለች።

«ከአንቺ ሌላ ማን መጫን ይችልበታል፣ እህቴ?»

አህያ ሄደች። ትርፌም ተከተለቻት። ከጅብ ዋሻ ደጃፍ ስትደርስ ቀበሮ በአቋራጭ ቀድማ ገብታ ነበር። ከውስጥ ጩኸት ይሰማል።

«የኔን ማሽላ? ለነሱ?»

«እርስዎ አይበሉትም እኮ፣ አያ ጅቦ።»

«ባልበላውም የኔ ነው! ቤቴን ጥለው ይሂዱ፣ ማሽላዬንም ይብሉ? አብደሻል!»

ከዚያ ሹክሹክታ ተሰማ። ቀበሮ ናት። ሹክሹክታው ረዘመ። ጅብ «እንዴት?» አለ። ቀበሮ እንደገና ነገረችው። «እንዴት?» አለ ደግሞ። እንደገና ነገረችው። ከዚያ ጅብ ሳቀ።

የጅብ ሳቅ ከሩቅ ሌላ ነው፣ ከቅርብ ሌላ። የአህያ ጆሮዎች ሳታዛቸው ወደ ኋላ ታጠፉ። ልትመለስ አንድ እግሯን አነሣች። ዞር ስትል ትርፌ ከደጁ የወደቀ የማሽላ ራስ አግኝታ ስታኝክ አየቻት። የውርንጭላዋ ጎድን ይቆጠር ነበር። አህያ እግሯን መልሳ አስቀመጠች። ገባች፣ ጫነች፣ ወጣች። ያን ቀን ማሽላውንም ሥራሥሩንም ድንቹንም አመላልሳ ከጅረቱ ማዶ ያደረሰችው እሷው ናት።

በሉ። ተሻምተው በሉ። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ አህያ የደቦ ሕግ ትዝ አላት። ማኘኳን አቆመች። ቀና ስትል ከርከሮም ማኘኩን አቁሞ አየችው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። እሱም ትዝ ብሎታል። ጃርትንም አየቻት፤ ጃርት ዓይኗን ሰበረች። መሸኛ ነው ተብሏል፤ ደቦ አልተባለም። ነገሩ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ከርከሮ አንገቱን ደፍቶ መብላቱን ቀጠለ። አህያም ቀጠለች። የራበው አፍ ሁለት ሥራ አይሠራም።

ከበሉ በኋላ ቀበሮ ከጉብታው ላይ ወጣች። «ያለ ዘፈን ሥራ ይሆናል እንዴ? በሉ እኔ ላውጣ፣ እናንተ ተቀበሉ!» አለችና አወጣች።

«ማነው ያበላን?»

«አያ ጅቦ!» አሉ። የጠገበ ለመመለስ አይሰንፍም።

«ማነው ያጠገበን?»

«አያ ጅቦ!»

«እጁ አይንጠፍ!»

«ቤቱ ይስፋ!»

«ሆ በሉ!»

«ቤቱ ይስፋ!»

ዘፈኑ ጉልበት ሰጠ። ገደሉ አስተጋባው፤ ወዲያ ማዶ አንበሳ ከሚቀመጥበት ዋርካ ድረስ ተሰማ። ከርከሮ ሌላ ከርከሮ ሆነ፤ አፈሩ በክራንቻው ሥር እንደ አመድ ይበናል። እስከ ማታ ሦስቱም ቤቶች አለቁ።

አህያ ወደ ቤቷ ገባች። አልተንበረከከችም። መሀል ወለሉ ላይ ቆመችና ጆሮዎቿን ቀስ ብላ አነሣች። ጣራው የለም ወይ እስክትል ድረስ ምንም አልነካትም። ትርፌ ከግድግዳ ግድግዳ ዘለለች። ኤሊ ደጁ ላይ ቆማ «ይባረክ» አለች፤ ድምፅዋ ግን የመራቂ ድምፅ አልነበረም። ያን ሌሊት አህያ ጆሮዎቿን አቁማ አደረች።

ሲነጋ ዝናብ ጣለ። የመጀመሪያው ነጠብጣብ መሬት ሲነካ ጅብና ቀበሮ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር።

«እንኳን ለአዲሱ ቤት አበቃሽ» አለች ቀበሮ።

«ኪራይ!» አለ ጅብ። በዚህ ጊዜ የሚለው አልጠፋበትም።

ክርክሩ አንበሳ ዘንድ ቀረበ። አንበሳ ከዋርካው ሥር ተኝቶ ይፈርዳል። ጉቦ አይበላም፤ ለዚህ አይታማም። ለማንም አያዳላም፤ ለዚህም አይታማም። ሕግ ያውቃል፣ በሕግ ይፈርዳል።

«ማን ቆፈረ?» አለ።

«እኛ!» አሉ ተከራዮቹ በአንድ ድምፅ።

«መሬቱ የማን ነበር?»

«የማንም፣ ጌታችን።»

አንበሳ ወደ ጅብ ዞረ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

ጅብ ቀበሮን አየ። ቀበሮ ወደ ፊት ወጥታ እጅ ነሣች። «ጌታዬ፣ ቆፍረዋል። አልክድም። መሬቱም የማንም አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ እንድጠይቃቸው ይፈቀድልኝ።»

«ጠይቂ።»

«ደቦው የተሠራ ቀን ማን አበላችሁ?»

ዝናቡ በዋርካው ቅጠል ላይ ሲወርድ ይሰማል።

«መልሱ» አለ አንበሳ።

ሁሉም ወደ ኤሊ ዞሩ። ኤሊ ዋሽታ አታውቅም፤ በዚያ ዕድሜዋ ልትጀምር አልቻለችም። «አያ ጅቦ» አለች።

«መሸኛ ነው ብላ ነው ያታለለችን!» ጮኸ ከርከሮ። «ደቦ ነው አላለችም!»

«ሥራ ላይ ተበልቷል፣ ተሠርቷል፣ ተዘፍኗል» አለች ቀበሮ። «ይህ ደቦ ካልሆነ ደቦ ምንድነው?»

አህያ ወደ ፊት ወጣች። አንበሳ ፊት ቆማ አታውቅም። «ጌታዬ፣ ማሽላውን ከአውድማ ለቅሜ የጫንኩት እኔ ነኝ። ሥራሥሩን የቆፈረችው ጃርት ናት። ድንቹ የጋሼ ከርከሮ ነው። እሱ ከራሱ አንዲት ፍሬ አላበላንም። የበላነው የከፈልነውን ኪራይ ነው።»

ጅብ እንኳ አፉን ከፍቶ ቀረ። ነገሩ እውነት ነበር፤ ቀበሮም ምላሽ አላገኘችለትም። አንበሳ ረጅም ጊዜ አሰበ።

«ኪራዩን ስትሰጪው የማን ሆነ?» አለ በመጨረሻ።

አህያ መሬት መሬት አየች።

«ተናገሪ እንጂ። የማን ሆነ?»

«የእሱ» አለች።

«ማሽላው የእሱ ከሆነ ድግሱ የማን ነው?»

አህያ ወደ ጓደኞቿ ተመልሳ ቆመች።

«ዘፈናችሁንም ሰምቻለሁ» አለ አንበሳ። «እዚሁ ሆኜ። ‹ቤቱ ይስፋ› ብላችሁ መርቃችሁታል። ሰፋለት። ደቦ የደገሰው ነው። ሂዱ።»

«ሂዱ ማለት ምን ማለት ነው?» አለ ከርከሮ። «እንግዲያው ሌላ እንቆፍራለን! ገደሉ ገና አላለቀም!»

«ቆፍሩ» አለ አንበሳ። «የከለከላችሁ የለም። ማን ያበላችኋል?»

ሊሳለቅ አልነበረም። ማወቅ ፈልጎ ነው። ከርከሮ ዝናቡን አየ፣ የጃርትን የከሳ ፊት አየ፣ አንገቱን ደፋ። ሊወጡ ሲሉ አንበሳ ጃርትን ጠራት። «የዕጣ ተራሽ እንደተጠበቀ ነው» አላት። ጃርት አመሰገነች።

ከርከሮ በሳምንቱ አልነበረም። ወንዙን ተሻግሮ ሄደ አሉ። ከወንዙ ማዶም ኮረብታ አለ፤ እዚያም ጉድጓድ አለ፤ እዚያም ጅብ አለ። የእሱን ቤት ቀበሮ ያዘችው፤ ለወኪልነቷ ተሰጣት። አንድም ቀን አልቆፈረችም፣ አንድም ቀን ኪራይ አትከፍልም፣ ጣራዋ አያፈስም። የጥንቶቹ ጉድጓዶች ባዷቸውን ቀሩ። ክረምቱ ሲበረታ ቤት ያጡ ድኩላዎች መጥተው በባዶዎቹ እንጠለል ቢሉ ጅብ «ያለ ኪራይ አይገባም» ብሎ መለሳቸው። ጉድጓዶቹ ውሃ ሞሉ። ማንም አልኖረባቸውም።

ኤሊ አንድ ቀን አህያን መንገድ ላይ አገኘቻት። አህያ ከአውድማ ማሽላ ጭና ወደ ጅብ ጓዳ እየሄደች ነው።

«ያን ዕለት ከሾላው ሥር ከርከሮ የጠየቀውን ሳስበው ነበር» አለች ኤሊ። «አከራይ ያስፈልጋል ወይ ያለውን።»

«እና?»

«ጅብስ አያስፈልገንም ነበር። የሚያስፈልገን ጓዳው ነበር። ከመቆፈራችን በፊት ለራሳችን ጥቂት ብናስቀምጥ ኖሮ…»

«ከምናችን እናስቀምጥ፣ እማማ?» አለች አህያ። «ኪራዩ ምን አስተርፎ?»

ኤሊ መልስ ልትፈልግ አንገቷን ወደ ውስጥ ሳበች። አህያ ጠበቀቻት። ዝናቡ ሲጠነክርባት ጥላት ሄደች።

ከኋላዋ ትርፌ ትከተላለች። ትርፌ አሁን አትሮጥም። ጀርባዋ ላይ የማሽላ ጭነት አለ፤ አዲስ ቤት ነውና ኪራዩም አዲስ ነው። የመጀመሪያ ቀን ስትጫን ጉልበቷ ከድቷት ወደቀች፣ ቀበሮም «ትለምደዋለች» አለች። እውነቷን ነው። ለምዳዋለች። ከመሀል አከርካሪዋ ላይ አንዲት ትንሽ ርግበት ጀምራለች። ከሩቅ አትታይም፤ እናቷ ግን ታያታለች።

ማታ ሁለቱ ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ቤቱ ደረቅ ነው። ሰፊ ነው። ከርከሮ ቃሉን ጠብቋል፤ ጣራው ከአህያ ጆሮ ጫፍ በላይ ብዙ ይተርፋል። አህያ ግን መሀል ወለሉ ላይ ስትቆም ጆሮዎቿ ወደ ኋላ እንደታጠፉ ናቸው። አልነሣ ብለዋት ነው ወይስ ረስታው፣ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ትርፌ እናቷን ታያለች። ከዚያ እሷም የሚነካው ጣራ በሌለበት ጆሮዎቿን አጥፋ ትተኛለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ቤት የቆፋሪው ሳይሆን ቆፋሪውን ያበላው በሚሆንበት አገር፣ ስንቁን ሳይዝ ከአከራዩ ሊላቀቅ የተነሣ ተከራይ ለአከራዩ ተጨማሪ ቤት ሠርቶለት እንደሚመለስ ነው።